ራጁን ሲነሱ ቆመው ነበር ወይስ ጋደም ብለው?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ እግርና ቁርጭምጭሚት ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያለ በቂ ምክንያት "ደህና ነህ" ተብሎ እንዲመለስ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው። የግራ እግሬ የውስጡ ጎድጓዳ ከሁለት ዓመት ወዲህ እየወረደ መጣ። ቁርጭምጭሚቴ በውስጥ በኩል ያብጣል፣ ያመኛል። መጀመሪያ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ራጅ ተነሳሁና "ምንም የለም" ተባልኩ። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ቦታ "ቁሚና እንይሽ" ብለው አነሱኝ፣ "እግርሽ ጠፍጥፏል" አሉኝ። አጥንት በአራት ወር እንዲህ ይለወጣል? ወይስ አንዱ ማሽን ተበላሽቷል?

መልስ፦ እህቴ፣ የማሽን ብልሽት አይመስለኝም። አጥንትዎም በአራት ወር ያን ያህል ተለውጦ ላይሆን ይችላል። የተለወጠው አነሳሱ ነው፤ መልሱን ራስዎ በደብዳቤዎ ጽፈውታል። አንድ እግር 26 አጥንት አለው፣ እነዚህ ሁሉ በጅማት ተሳስረው ነው ያንን ጎድጓዳ የሚሰሩት። ጋደም ሲሉ እግርዎ ምንም ነገር አይሸከምም፣ ስለዚህ የደከመ ጅማት ያለው እግርም ደህና ሊመስል ይችላል። የላላ አልጋ ማንም ሳይተኛበት ቢያዩት ደልዳላ ነው፣ ሰው ሲወጣበት ነው መሃሉ የሚሰምጠው። እግርም እንደዚያው ነው። ለስብራት ከሆነ ጋደም ብሎ መነሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የቅርጽ ችግር ለማየት ግን፣ መቆም የሚችል ሰው ቆሞ ነው መነሳት ያለበት። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ቆመው ከጎን የተነሱትን ራጅ ሐኪሙ ስክሪን ላይ ከፍቶ ምን እንደሚያይ ልንገርዎት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው እንዲያዩት። ከቅልጥም ስር የተቀመጠ ታለስ የሚባል አጥንት አለ፤ በእሱ መሃል አንድ መስመር ያሰምራል። ሌላ መስመር ደግሞ ወደ አውራ ጣት በሚሄደው ረጅም አጥንት መሃል። ደህና እግር ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ ማለት ይቻላል። ጎድጓዳው የወረደ እግር ላይ ግን መጋጠሚያቸው ወደ መሬት ይሰበራል፣ ከ4 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ እግሩ ጠፍጥፏል ይባላል። ጎድጓዳው ከልክ በላይ ከፍ ያለ እግር ላይ በተቃራኒው ወደ ላይ ይሰበራል። ይህንን መስመር አንዴ ካዩት በኋላ የራስዎን ራጅ ራስዎ ማንበብ ይጀምራሉ።

ተረከዝስ? ከፊት በተነሳ የቁርጭምጭሚት ራጅ ላይ ተረከዝ በሌሎቹ አጥንቶች ይሸፈናል፣ ወዴት እንዳዘነበለ በደንብ አይታይም። ለዚህ ሲባል ታካሚው ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ወጥቶ ጨረሩ ከኋላ በ20 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሎ የሚነሳበት መንገድ አለ። ሳልትዝማንና ኤል ኩሪ የተባሉ ሐኪሞች በ1995 ያቀረቡት ነው። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ራጅ ካዘዘልዎት ትርፍ ነገር አይደለም።

ሕመምዎ በውስጥ በኩል መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። ከቁርጭምጭሚቱ የውስጥ ጉብታ ጀርባ የሚያልፍ አንድ ጅማት አለ፣ ጎድጓዳውን ወደ ላይ የሚጎትተው እሱ ነው። እሱ ሲደክም ወይም ሲበጠስ እግሩ ይወርዳል። ራጅ ጅማት አያሳይም፤ ለዚያ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ግን ከሁሉም በፊት ሐኪሙ ከኋላዎ ቆሞ ይመልከትዎት። በግራ እግርዎ ብቻ ቆመው ተረከዝዎን ማንሳት ይችላሉ? ከኋላ ሲታይ በግራ በኩል ብዙ ጣቶች ብቅ ይላሉ? ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም፣ ሳይታይ ሲቀር ግን በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ልጃችን በቆልማማ እግር ተወለደ፣ አሁን ሦስት ሳምንቱ ነው። ሐኪሟ ራጅ ሳታስነሳ ጄሶ ጀመረችለት። ሳይታይ እንዴት ይታሰራል? እኔና ባለቤቴ እንቅልፍ አጥተናል።

መልስ፦ አይዟችሁ፣ ሐኪማችሁ ልክ ናት። ቆልማማ እግር የሚታወቀው በዓይንና በእጅ ነው። በዚህ ዕድሜ ራጅ ብታስነሱትም ብዙ ነገር አይታይም፤ ከሕፃን እግር አብዛኛው ገና ወደ አጥንትነት ያልጠነከረ ልም አጥንት ነው፣ ራጅ ላይ እንደ ባዶ ቦታ ሆኖ ያልፋል። ለምሳሌ ናቪኩላር የሚባለው፣ በዚህ ችግር ከቦታው በጣም የሚሸሸው አጥንት፣ ራጅ ላይ መታየት የሚጀምረው ልጁ ሦስት ዓመት አካባቢ ሲሆነው ነው። ሐኪሟ ውስጡን ማየት ካስፈለጋት አልትራሳውንድ ልም አጥንቱን ያሳያታል፣ ጨረርም የለውም። በየሳምንቱ የሚቀየረው ጄሶ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባለ ሐኪም ያዳበረው ዘዴ ነው፣ በመላው ዓለም የሚሠራበት። እናንተ ጉልበታችሁን ጄሶው ሲያልቅ ለሚመጣው ልዩ ጫማ አስቀምጡት። እሱ ከተቋረጠ እግሩ ተመልሶ ሊቆለመም ይችላል።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። አውራ ጣቴ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ዘምሟል፣ ራጅ ላይ 22 ዲግሪ ተባልኩ። ከ15 በላይ ችግር ነው ሲባል ሰማሁ። አያመኝም፣ ጫማም አይከለክለኝም። ልሰራው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካላመመህ አትቸኩል። የሰማኸው ልክ ነው፣ ከ15 ዲግሪ በላይ ሲሆን ዘሟል ይባላል። ግን ቢላ የሚነሳው ለቁጥር ሳይሆን ለሕመም ነው። ቁጥሩ የሚጠቅምህ የዛሬ ሁለት ሦስት ዓመት እንደገና ቆመህ ተነስተህ ስታነጻጽረው ነው፤ ስለዚህ የዛሬውን ፊልም አትጣለው። ደግሞ ጠፍጣፋ ራጅ ጥላ ነው። አውራ ጣትን የሚሸከመው ረጅም አጥንት ብዙ ጊዜ ወደ ጎን መሄድ ብቻ ሳይሆን በራሱ ዙሪያም ይጠመዘዛል፣ ይህ ጥምዘዛ ደግሞ በራጅ ላይ በቀላሉ አይለካም። አሁን ሰው ቆሞ የሚነሳበት ሲቲ ስካን አለ፣ ማሽኑ እግር ዙሪያ ዞሮ አጥንቶቹን ከሁሉም አቅጣጫ ያሳያል። አንድ ቀን ቀዶ ጥገና ላይ ከደረስክ ሐኪምህን ስለ እሱ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ እግሬን በዓመት ሦስት ጊዜ ራጅ ተነስቻለሁ። ጨረሩ አይጎዳኝም?

መልስ፦ የአንድ የእግር ራጅ ጨረር 0.001 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ማንኛውም ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ይደርሰዋል። ስለዚህ አንዷ ራጅ የጥቂት ሰዓት ያህል ናት፣ ሦስቱም ተደምረው አንድ ቀን አይሞሉም። የሲቲ ስካን ከዚህ ይበልጣል፣ እግር ላይ ሲሆን ግን እሱም ትንሽ ነው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከጠረጠርሽ ክፍሉ ከመግባትሽ በፊት ለራጅ ባለሙያው ንገሪው።