«ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ከየት ትጀምሪያለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስትዞሪ ከርመሻል። ቃለ መጠይቅ ላይ «እስኪ ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ግን አፍሽ ይተሳሰራል። እኔ እዚሁ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። ጠያቂ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ።

አብዛኛው ተፈታኝ ከልደቱ ይጀምራል። «ተወልጄ ያደግኩት መሐል ሜዳ ነው፣ አንደኛ ደረጃን የተማርኩት እዚያው...» ይህ ሁሉ ሲቪው ላይ አለ። እኛ መስማት የምንፈልገው ነገ ብትገቢ የቱን ሥራ እንደምትይዢልን ነው። ስምሽንና የተመረቅሽበትን በአጭሩ ጨርሺና ወደምትችይው ግቢ።

እንዲህ በይ፦ «ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) መሥራት እችላለሁ። የሥራ ግብር አሰላለሁ፤ ጡረታም ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። በተግባር ልምምድ ጊዜ የባንክ ሂሳብን ከመዝገባችን ጋር ሳስታርቅ ነበር። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌርም ተለማምጃለሁ።» በቃ። የማትችይውን ግን እንዳትጨምሪ፤ ኮምፒውተሩን አዙረው «እስኪ አሳዪን» ሊሉሽ ይችላሉ።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ለንብረት ክፍል ነበር የተወዳደረው። የሥራ ልምድ የሚባል የለውም። ግን ክረምት ክረምት ደብረ ሲና አጎቱ ሱቅ ይሠራ ነበር። የገባውንና የወጣውን ዕቃ በደብተር ይመዘግባል፤ ማታ ቀሪውን ቆጥሮ ከደብተሩ ጋር ያመሳክራል። «አንድ ካርቶን ሳሙና ከጎደለ ሳላገኘው አልተኛም ነበር» አለን። ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) የሚለውን ስም እንኳ አያውቀውም፤ ሥራውን ግን ያውቀዋል። በውጤት የሚበልጡት ነበሩ፤ የተቀጠረው እሱ ነው። አንቺም የቤተሰብ ሱቅ ላይ ቆመሽ፣ የዕቁብ ጸሐፊም ሆነሽ ከሆነ ተናገሪው። ሥራ ነው።

ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን «ጎበዝ ነኝ» ማለት ይከብደናል። እሱን ተዪው። «ታታሪና ታማኝ ነኝ»ንም ሁሉም ስለሚለው ጆሮ አንሰጠውም። የሠራሽውን ብቻ ንገሪን።

ማመልከቻሽን በር ላይ ለጥበቃ ትተሽ የምትሄጂ ከሆነ፣ «በማንኛውም የሥራ መደብ» ብለሽ አትጻፊ። ለየትኛው ክፍል እንደምንመራው ግራ ይገባናል። «በጀማሪ አካውንታንት» በይ፤ ስልክሽም ጎልቶ ይታይ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ቀደም ብለሽ ድረሺና ትኩስ ሻይ ጠጪ። የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ሳትፈሪም ድምፅሽን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ በፊት ግን ቤት ውስጥ ለሰው ጮክ ብለሽ ተለማመጂው፤ ከአንድ ደቂቃ ካለፈ አሳጥሪው። ከፈለግሽ እዚሁ ጻፊውና አብረን እናስተካክለው።