የሰንሰለት አምባር ቀለበቶች ለምን ይከፈታሉ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ «በገዛኋቸው ትንንሽ ቀለበቶች የሠራሁት የሰንሰለት አምባር እየተከፈተ ይበታተናል፤ ሙጫ ላድርግበት ወይስ ቀለበቱን ራሴ ከሽቦ ልሥራ?» የሚል ነው። ሙጫውን ተዪው። ቀለበት ከቀለበት ጋር ሲፋተግ ሙጫው ይረግፋል፣ እስኪረግፍም ድረስ ቆሻሻ ይይዛል። ቀለበቱን ራስሽ ሥሪ።

በከረጢት የሚሸጡት አብዛኞቹ ቀለበቶች ለጆሮ ጌጥ ማንጠልጠያ የሚሆኑ ናቸው፤ ሽቧቸው ቀጭን፣ ክባቸው ሰፊ ነው። የቀለበት ጥንካሬ የሚታወቀው የውስጥ ስፋቱን ለሽቦው ውፍረት በማካፈል ነው። 0.7 ሚሊሜትር ሽቦ 5 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ውጤቱ ከ7 ያልፋል፤ እንዲህ ያለው ቀለበት በጣት ይከፈታል። ጥንድ በጥንድ ለሚያያዝ ሰንሰለት ከ3.5 እስከ 4 ድረስ ያለው ጥሩ ነው። ከ3 ሲያንስ ደግሞ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አራት ሽቦ ስለሚጨናነቅ አምባሩ እንደ ልብ አይተጣጠፍም። የገዛሽውን ማግኔት አስጠጊበት፤ ከሳበው ከቅቡ ሥር ያለው ብረት ሊሆን ይችላል፣ ቅቡ ሲላጥም ይዝጋል።

ለመለማመድ ከመዳብ የተሻለ የለም፤ የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃሻል። ድፍን የሆነውን ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ጠይቂ እንጂ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራውን አትግዢ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ «1.5» የሚባለው ሽቦ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር አይደለም። ቁጥሩ ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው ፊት በሚሊሜትር ካሬ ሲለካ ነው፤ ውፍረቱ 1.38 ሚሊሜትር ገደማ ነው። «2.5» የሚባለው ደግሞ 1.78 ገደማ ነው፤ ለእጅ አምባር ይከብዳል። ፕላስቲኩን በቢላ ላጪው፤ እባክሽ አታቃጥዪው። ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው፣ መዳቡም ይጠቁርና ይበልጥ ይለሰልሳል።

1.5ቱን ሽቦ 5 ሚሊሜትር በሆነ የድሪል ፑንታ ለስላሳ እጀታ ላይ ብትጠመዝዢው ውጤቱ 3.6 ይሆናል። ሲለቀቅ ጥምዙ ትንሽ ስለሚላላ ጥቂት ከፍ ቢልም አያሳስብም። አንድ ቀለበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ይወስዳል። ሰንሰለቱ ሲወጠር እያንዳንዱ ጥንድ ወደ 5 ሚሊሜትር ስለሚጨምር ለ17 ሴንቲ ሜትር አምባር 34 ጥንድ ወይም 68 ቀለበት በስሌት ይወጣል። ጥንዶቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጥቂት ስለሚያሳጥሩ 76 አዘጋጂ። በመቁረጥ የሚባክነውን ጨምረሽ 2 ሜትር ሽቦ ይበቃል። ርዝመቱን ለመወሰን የእጅ አንጓሽን በክር ለኪና ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሪ።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ከመጠምዘዝሽ በፊት አንዱን ጫፍ በሞርሳ አስይዢ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዘሽ በቀስታ ሳቢው። ትንሽ ሲለጠጥ እጅሽ ላይ ይሰማሻል፤ እዚያ ላይ አቁሚ። ሽቦው ቀጥ ይላል፣ ይጠነክራልም። ከዚያ ክፍተት ሳትተዪ አጥብቀሽ በእጅ ጠምዝዢ። በኤሌክትሪክ ድሪል መጠምዘዝ ይፈጥናል፤ ነገር ግን የሽቦው ጭራ ሲያልቅ ተወርውሮ ዓይን ስለሚመታ አልመክርም።

አቆራረጡ ላይ አትቸኩዪ፤ አምባሩ የሚጸናው በዚህ ነው። ተራ መቁረጫ ፒንሳ ሽቦውን ቆንጥጦ ስለሚበጥስ ሁለቱም ጫፍ ይሾላል። ሁለት ሹል ጫፎች ሲገናኙ የሚነካኩት በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ከውጭ የተዘጋ የሚመስለው ቀለበት ክር ይስባል፣ ቆይቶም ይከፈታል። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የሚይዙት አንድ ፊቱ ለጥ ያለ መቁረጫ በአንድ በኩል ብቻ ቀጥ አድርጎ ስለሚቆርጥ ከእያንዳንዱ ቀለበት በኋላ ገልብጠሽ የሾለውን ጫፍ መከርከም አለብሽ። ይህ ሽቦ ለዚያ መሣሪያ ወፍራም ስለሆነም ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል። ጥሩው መንገድ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ስስ መጋዝ ነው፦ ጥምዙን በፕላስተር ጠቅልለሽ በቁመቱ ቁረጪው። ሰጌቶ አይሆንም፤ ምላጩ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ብረት ይበላል፣ ቀለበቱም ሲዘጋ ክብነቱን ያጣል።

ጥርስ የሌላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ፒንሳዎች ያስፈልጉሻል፤ ጥርስ ያለው መዳቡን ያቆስለዋል። ስትከፍቺ ጫፎቹን ወደ ግራና ቀኝ አትለያያቸው። አንዱን ወደ ራስሽ፣ ሌላውን ወደ ፊት አጣምሚ። ስትዘጊ መጋጠሚያውን አሳልፈሽ ውሰጂው፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እየገፋሽ መልሺው። ሁለቱ ጫፎች ሲፋተጉ ትንሽ «ጭር» የሚል ድምፅ ይሰማል። ወዲያና ወዲህ ሁለት ሦስቴ ማድረግ ብረቱን ያጠነክረዋል፤ ሲበዛ ግን ይሰበራል። በመጨረሻ ጥፍርሽን መጋጠሚያው ላይ አሳልፊ፤ ከያዘሽ አልተዘጋም።

ግማሹን ቀለበት አስቀድመሽ ዝጊ፣ ግማሹን ክፈቺ። በመጀመሪያው የተዘጋ ጥንድ ላይ ቁራጭ ሽቦ እሰሪበት፤ መነሻሽ እንዳይጠፋ ይረዳሻል። አንድ ክፍት ቀለበት በጥንዱ ውስጥ አሳልፊ፣ ሁለት የተዘጉ ጨምሪበትና ዝጊው፤ ሁለተኛውን ክፍት ቀለበት በዚያው መንገድ አስገቢ። እንዲህ እያልሽ ቀጥዪ። ባይዛንታይን የሚባለው ተጣጣፊ ሰንሰለትም በእነዚሁ ቀለበቶች ይሠራል፤ እሱን ግን ይህ ቀላሉ ከቆመልሽ በኋላ ሞክሪ።

መቆለፊያውን ከዚያው ሽቦ 6 ሴንቲ ሜትር ቆርጠሽ መንጠቆ አድርጊው። ለስላሳ መዳብ በአንድ ቀን ስለሚዘረጋ ገጹ ልሙጥ በሆነ ጠንካራ ብረት ላይ አድርገሽ በመዶሻ ቀለል አድርገሽ ቀጥቅጪው፤ የሚጠነክረው በምቱ ነው። ጫፉን በሞረድ አድበልብዪው።

ቆዳ ላይ አረንጓዴ ቢተው ከላብ ጋር የሚመጣ ነውና አትደንግጪ። ቫርኒሽ አትቀቢው፤ ቀለበቶቹ በሚፋተጉበት ቦታ ይላጣል። በሎሚና በጨው እጠቢ፣ አሲዱ እንዳይቀር በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቂና በደንብ አድርቂ። ወደ ብር ስትሸጋገሪ 925 የሚባለውን፣ ማለትም ሌላ ብረት ትንሽ የተቀላቀለበትን ግዢ፤ ንጹሕ ብር በጣም ለስላሳ ስለሆነ መጋጠሚያው ካልተበየደ አይጸናም።

መጋጠሚያው አልገጥም ካለሽ በቅርብ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊ፤ የአቆራረጥ ይሁን የአዘጋግ ጉድለት ከጫፎቹ ይታያል።