ጀርባውን ሳታዩ አትጫረቱ፦ ስለ ጣሊያን የሮኮኮ መስታወት ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ለጨረታ የቀረበ መስታወት ፎቶ አሳየችን። የጨረታው ማውጫ «ጣሊያን፣ 18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ተቀርጾ ቀለም የተቀባ የሮኮኮ መስታወት» ይላል። ሮኮኮ በዚያ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተወደደ የጌጥ ስልት ነው። የድሮ ክፈፍ መጠገን ሥራዬ ስለሆነ ጠይቁኝ ያልኩት እኔው ነኝ፤ እንግዲህ ልቻለው።

ጥያቄ፦ ሮኮኮ መሆኑ በምን ይለያል?

መልስ፦ መጀመሪያ የክፈፉን ግራና ቀኝ አስተያዩ። የሮኮኮ ጠራቢ እኩልነት አይወድም፤ የተቀረጸው ዛጎል ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ቅጠሉ ይጠማዘዛል። ቬኒስ ላይ ይህ ስልት የገነነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ነው። ቬኒሶች ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ መደብ ላይ ትንንሽ አበባ መሣል ይወዱ ነበር። ሠዓሊ መክፈል ከከበደ ደግሞ የታተመ ሥዕል ቆርጠው ይለጥፉና ቬርኒሽ ይደራርቡበታል፤ ይህንን «ላካ ፖቬራ»፣ የድሃ አንጸባራቂ ቅብ፣ ይሉታል። ዛሬ ደህና ዋጋ ያወጣል።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ ማውጫ «በሮኮኮ ስልት» ይላል። ልዩነት አለው?

መልስ፦ በጣም! «በ... ስልት» ካለ ኋላ የተሠራ ነው ማለቱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ዓይነቱ በብዛት ተደግሟል።

ጥያቄ፦ ትል የበላው ቀዳዳ አለው። የእድሜ ማስረጃ አይሆንም?

መልስ፦ ብቻውን አይሆንም፤ አስመሳዮችም አሮጌ ጣውላ ይገዛሉ። ትሉ እንጨቱ ውስጥ ቦይ እየሠራ ይሄዳል፤ ሲወጣ ውጭው ላይ የሚተወው ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቦዩ ራሱ በተቀረጸው ፊት ላይ ርዝመቱን ተገልጦ ከታየ፣ ጠራቢው የመጣው ከትሉ በኋላ ነው። ቀጥሎ ክፈፉን ገልብጡት። የእጅ መጋዝ ቀጥ ያለና ያልተስተካከለ መስመር ይተዋል፤ ቅስት ቅስት ያለ ምልክት ካያችሁ የክብ መጋዝ ሥራ ነው፣ 18ኛውን ክፍለ ዘመን እርሱት። ጫፉ የሾለ ብሎንም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው፤ በእርግጥ ኋላ በጥገና የገባ ሊሆን ይችላል። ኮምፔርሳቶ ካለ አንድ ሰው ጀርባውን ቀይሮታል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ እየረገፈ ነው፤ ሥሩ ነጭ ነው።

መልስ፦ ጀሶ ነው። ጣሊያኖችም «ጄሶ» ይሉታል፤ ኮላችንም ከዚያው ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው። እንጨቱን በእንስሳ ቆዳ ኮላና በጀሶ ደራርበው ይቀቡና ያለሰልሱታል፣ ቀለሙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ወርቅ የሚለጠፍበት ቦታ ደግሞ ቀይ የሸክላ አፈር ይቀባል፤ ወርቁ ሲያልቅ ቀይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። አንዳንዴ «ወርቁ» የብር ቅጠል ላይ ቢጫ ቬርኒሽ የተቀባበት ሆኖ ይገኛል። ይህ ማጭበርበር ሳይሆን የዘመኑ ቁጠባ ነው። ውሃ ግን አታስነኩት፤ ኮላው ይለቃል። መታጠቢያ ቤት ልስቀለው ላልሽው እህቴ መልሱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ መስታወቱ ነጠብጣብ በዝቶበታል፣ ደብዝዟል። በአዲስ ልለውጠው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ተው! የዚያ ዘመን መስታወት ጀርባው በቆርቆሮ (ቲን በሚባለው ብረት) እና በባዜቃ ቅልቅል የተለበሰ ነው፤ በብር መለበስ የተስፋፋው ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 ዘዴውን ካገኘ በኋላ ነው። ያ ግራጫ ብልጭታ ከተለወጠ አይመለስም። ባዜቃው መርዝ ስለሆነ ጀርባውን አትፈትጉ፣ ሙቀት አጠገብም አታስቀምጡ። ከሁለት ቁራጭ የተገጠመ ከሆነም አትደንግጡ፤ የቬኒስ መስታወት በሚሠራባት ሙራኖ ደሴት ላይ መስታወቱን ነፍተው ሲሊንደር ያደርጉትና ቆርጠው ይዘረጉት ስለነበር ትልቅ ማውጣት ከባድ ነበር።

ጥያቄ፦ በ2,000 ብወስደው የምከፍለው 2,000 ነው?

መልስ፦ አይደለም። መዶሻው ያረፈበት ዋጋ ላይ የጨረታ ቤቱ ድርሻ ይጨመራል፤ 25 በመቶ ቢሆን 2,500 ደረሰ፣ ግብሩና ማጓጓዣው ገና ነው። ጣሊያን አገር የምትገዙ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2017ቱን የጣሊያን ሕግ አስቡ፤ ከ70 ዓመት በላይ የሆነና ከ13,500 ዩሮ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ጥያቄ (ከባለፎቶዋ)፦ ታዲያ ልጫረት?

መልስ፦ ከፊት ለፊቱ ፎቶ ብቻ አልፈርድም። በግራ በኩል ያለው አበባ ሰማያዊው ከሌላው ይደምቃል፣ ያ ክፍል እንደገና የተቀባ ይመስለኛል። ለጨረታ ቤቱ ጻፊላቸው፤ የጀርባውን፣ የማዕዘን ማገጣጠሚያውንና የመስታወቱን ጠርዝ ፎቶ ጠይቂ። ከላኩልሽ አብረን እናየዋለን። እንቢ ካሉሽ ለግድግዳ ጌጥ ከምትከፍዪው በላይ እጅሽን አታንሺ።