ላብራቶሪ ውስጥ እየሰሩ የወንጀል ልብወለድ መጻፍ ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ኬሚስትሪ ነው ያጠናሁት፣ አሁንም የምሰራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የወንጀል ልብወለድ በጣም ስለምወድ ራሴም መጻፍ ጀምሬያለሁ፣ ቤት ውስጥ ግን “ወይ ሳይንሱን ወይ ድርሰቱን፣ አንዱን ያዢ” እያሉ ሰላም ነሱኝ። እኛ አፍሪካ ውስጥ ሁለቱንም ይዞ የዘለቀ ሰው አለ?

መልስ፦ አለ እህታችን። ማይክል ሲርስ ይባላል፣ ደቡብ አፍሪካዊ የሂሳብ ምሁር ነው፣ ጆሃንስበርግ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ። መጽሐፎቹ ላይ ግን “ማይክል ስታንሊ” የሚል ስም ነው የምታገኚው ምክንያቱም የሚጽፈው ከጓደኛው ከስታንሊ ትሮሊፕ ጋር ነው፣ እሱም የትምህርት ሳይኮሎጂ ምሁርና ፓይለት ነው።

አጀማመራቸውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በትንሽ አውሮፕላን ቦትስዋና ሄደው ዱር ውስጥ የጅብ መንጋ ዊልደቢስት የሚባለውን ትልቅ የዱር እንስሳ አሳዶ ጥሎ አጥንቱን ሳይቀር ሲበላው ያያሉ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ፎቶ አንስቶ ይሄድ ነበር፣ እነሱ ግን አንድ ገዳይ ሬሳውን ለጅብ ቢተወው ፖሊስ ምን ማስረጃ ያገኛል ብለው አሰቡ። ሳይንሱም ልክ ነው፣ የጅብ መንጋጋ አጥንት ይፈጫል፣ የጨጓራው አሲድ ደግሞ ያሟሟዋል፣ ኩሱ ነጭ የሚሆነውም በአጥንቱ ካልሲየም ነው (የሐረር ሰው ነጭነቱን ያውቀዋል)፣ ፀጉርና ኮቴ ብቻ አልፈጭ ሲለው መልሶ ይተፋዋል።

ከዛ ሀሳብ የመጀመሪያው ልብወለዳቸው ኤ ካሪየን ዴዝ 2008 ላይ ወጣ፣ ሀያ አመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው። እዛ ላይ ጅቡ በልቶ ሳይጨርስ ሰው ይደርስበታል፣ ሟቹ ልብስ የለውም፣ ማንነቱ እንዳይታወቅም ጥርሱ ተሰባብሯል። ምርመራው የሚጀምረው ከዚህች ከተረፈችው ነገር ነው፣ መርማሪው ደሞ በግዝፈቱ ጉማሬ እያሉ የሚጠሩት ዴቪድ ቤንጉ ነው። 2011 ላይ የወጣው ዴዝ ኦፍ ዘ ማንቲስ ካላሃሪ በረሃ ያሉትን የሳን ሰዎች ጉዳይ ያነሳል፣ ባሪ የሚባለውን የወንጀል ልብወለድ ሽልማትም አግኝቷል።

የሲርስ የሙያ መስክ ከአውሮፕላንና ከሳተላይት በሚነሳ ምስል የመሬቱን ድንጋይ ማጥናት ነው። እያንዳንዱ ማዕድን ብርሃን የሚመልሰው በራሱ አይነት ነው፣ ምስሉ ላይ ግን አንዲት ነጥብ ውስጥ አፈሩም ሳሩም ድንጋዩም ተደባልቆ ይመጣል፣ የሂሳቡ ስራ ከዛ ድብልቅ ውስጥ የቱ ምን ያህል እንዳለ መለየት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ መርማሪ ፖሊስ ከዚህ የተለየ ምን ይሰራል ነው ያልኩት። ስለዚህ “ሁለት ባላ ትከል” እንደሚባለው አንዱ ቢሰበር በሌላው ለመንጠልጠል አይደለም፣ ሁለቱ ስራዎች አንድ አይነት ጭንቅላት ነው የሚጠይቁት፣ ቤተሰቦችሽም ይሄን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ብቻዬን አልችልም ካልሽ ደሞ የነሱን አሰራር እይው፣ አንዱ አንድ ክፍል ጽፎ በኢሜይል ይልካል፣ ሌላው አርሞ ይመልሳል፣ ሁለቱም እስኪስማሙ ይመላለሳል። ርዕስም ሩቅ አትሂጂ፣ አንድ ናሙና ላይ የተለጠፈ ስም ቢቀየር ማን ሊታሰር ማን ሊፈታ እንደሚችል ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከዛ ጀምሪውና ለምታምኚው የስራ ባልደረባሽ አስነብቢው።