የወጣት ኮከቦች ራጅ፦ ጠይቁኝ

ዛሬ ስለ ኦሪዮን ኔቡላ፣ ቻንድራ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕም በራጅ (ኤክስሬይ) እዚያ ስላያቸው ወጣት ኮከቦች ነው። ኔቡላው ኮከቦች የሚወለዱበት ደመና ነው፤ 1,350 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቀናል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቴሌስኮፑ ራጅ ልኮ ነው ኮከቡን የሚያነሳው?

መልስ፦ አይደለም። ራጁ ከራሱ ከኮከቡ ነው የሚወጣው። ቻንድራ ይቀበላል እንጂ አይልክም። ይህን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ወጣት ኮከብ ለምን ይህን ያህል ራጅ ያወጣል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ወጣት ኮከብ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ውስጡም ይንተከተካል። ከዚያ ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ይወለዳል። የመስኩ መስመሮች ተጠማዘው ተበጥሰው እንደገና ሲገጣጠሙ ጋዙ በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ ይግላል። ፍንዳታ የምንለው ይሄ ነው፤ ራጁም የሚወጣው ከዚህ ከጋለው ጋዝ ነው።

ሁላችሁም ቻንድራ ስላነሳው የኦሪዮን ምስል ታወራላችሁ። እኔ ግን ለምን ያህል ጊዜ እንዳየ እዩ እላለሁ። በጃንዋሪ 2003 (እ.ኤ.አ.) ቻንድራ በ13 ቀን ውስጥ ወደ 10 ቀን የሚጠጋ ጊዜ ኦሪዮን ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየ። ከ1,600 በላይ የራጅ ምንጮች ተገኙ። ከነሱ መካከል ፀሐያችንን የሚመስሉ 28 ወጣት ኮከቦች ተለይተው ተጠኑ። እያንዳንዳቸው በአማካይ በሳምንት አንዴ ገደማ ትልቅ ፍንዳታ ያሳያሉ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ያየ ሰው ይህን በምን ያውቃል? ኮከቡ ጸጥ ያለ ነው ብሎ ይሄዳል። ፍንዳታ ባይኖርም እንኳ ራጃቸው ከዛሬዋ ፀሐይ በሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ሌላ አባል፦ «ራጅ» የጣሊያን ቃል ነው፤ «ኤክስሬይ» ብንል አይሻልም?

ሌላ አባል፦ እናቴ «ራጅ ተነሳሁ» ነው የምትለው። ሁሉም የሚገባው እሱ ነው።

ሌላ አባል፦ በሳይንስ ጽሑፍ ላይ ግን...

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ነው። ወደ ኮከቡ እንመለስ።

ጥያቄ፦ አቧራው አይጋርደውም?

መልስ፦ ደካማውን ራጅ ይውጠዋል፤ ኃይለኛው ያልፋል። በተራ ብርሃን የማይታዩ ኮከቦች በራጅ የሚታዩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከእንጦጦስ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ራጁን? አይቻልም። አየሩ ይውጠዋል። ተራራ መውጣት አይበቃም፤ ጠፈር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስለ ኮከብ ንገረን።

መልስ፦ ስለ ምኑ? ለይተህ ጠይቅ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ የምንልከው ራጅ ኮከቡን አይጎዳውም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንልክም! እንቀበላለን። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በዙሪያው የሚፈጠሩ ፕላኔቶችስ?

መልስ፦ ይሄ የምወደው ነው። ፕላኔት የሚሠራበት የጋዝና የአቧራ ዲስክ ራጁን ይቀበላል። ራጁ ከጋዙ አተሞች ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ የላይኛውን ንጣፍም ያሞቃል። ኤሌክትሮን የተነጠቀውን ጋዝ መግነጢሳዊ መስኩ መያዝ ይችላል፤ የሞቀው የላይኛው ጋዝ ግን ቀስ በቀስ ያመልጣል። ስለዚህ ዲስኩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ስታሰሉ ፍንዳታዎቹን አትርሱ።