አልማዙን የያዘውን ወርቅ እዩልኝ
ልጆቼ፣ የሰዓት ፎቶ እየላካችሁ «ጋሼ፣ ይሄ አልማዝ ኦርጂናል ነው?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ባይሆን ደስ ይለኛል። ኦርጂናል አልማዝ ተይዞ አተካከሉ የተበላሸ ስንት ሰዓት እጄ ገብቷል መሰላችሁ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ፣ ወርቅ ቤት ውስጥ በመላላክ ነው። ኋላ ጄኔቫ ሄድኩና ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰዓት ላይ አልማዝ ስተክል ኖርኩ።

ጥሩ ሰዓት ላይ አልማዝ በማጣበቂያ አይያዝም። ለእያንዳንዱ ድንጋይ ወርቁ ላይ ጉድጓድ ይቦረቦራል፤ ድንጋዩ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ከራሱ ከወርቁ በስል መቅረጫ ትንሽዬ ጥርስ ትነሳና ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ትታጠፋለች። ይሄ ሁሉ በማይክሮስኮፕ እየታየ ነው፤ ድንጋዩ አንዳንዴ ጤፍ ቢያክል ነው። ጥርሷ ከበዛች ብርሃኑን ትሸፍናለች፣ ካነሰች ድንጋዩ ይወድቃል።

አልማዝን ከሌላ አልማዝ በቀር የሚጭረው የለም ማለት ይቻላል፣ እውነት ነው። ግን አጉል ቦታ ላይ ከተጫኑት ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ረዘም ያሉ ባለ አራት ማዕዘን ድንጋዮች ስደረድር፣ ሁለት ብቻ ሲቀሩኝ፣ የአንዷ ጥግ ተፈረከሰች። ደክሞኝ ነበር። መቅረጫዬም ደንዝዞ ነበር፣ አውቄው ነበር፣ ግን ተነስቼ ልሳለው አልፈለግኩም። ለአለቃዬ ወዲያው ነገርኩት። ምንም አላለኝም፤ መቅረጫዬን ተቀብሎኝ ቁጭ ብሎ ይስለው ጀመር። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ጄኔቫ እንዴት የሰዓት ከተማ ሆነች ትሉ ይሆናል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንቱ መሪ የካልቪን የሃይማኖት ተሐድሶ ጌጣጌጥ ማድረግን ሲከለክል ወርቅ አንጥረኞቹ እንጀራቸው ተነካ። ሰዓት ግን አልተከለከለም። ወደዚያ ዞሩ፤ በፈረንጆቹ 1601 የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ቆመ። ሰዓቱና ጌጡ ከጥንት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው የምላችሁ ለዚህ ነው።

ሞተሩንም አትናቁት። ዣገር ለኩልትር የሚባለው የስዊዝ ሰዓት ሠሪ በፈረንጆቹ 1929 ያወጣው 101 የተባለው ሞተር ክብደቱ አንድ ግራም ገደማ ነው። እንዲህ ስላነሰ ለድንጋዩ ቦታ ለቀቀ፤ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ በፈረንጆቹ 1953 ዘውድ ሲጭኑ እጃቸው ላይ ያደረጉት ሰዓት በዚህ ሞተር የሚሠራ፣ አልማዝ ያለበት ነበር። ሾፓር የተባለው ሌላው የስዊዝ ሰዓት ሠሪ ደግሞ በፈረንጆቹ 1976 አልማዞቹን በሁለት መስታወት መካከል ልቅ አደረጋቸው፤ እጅ ሲንቀሳቀስ እነሱም ይሽከረከራሉ። ልቅ ናቸው እንበል እንጂ እያንዳንዷ ድንጋይ የራሷ የወርቅ ቀለበት አላት። ወርቁን እዩ የምለው እዚያም ይሠራል።

ስለዚህ አጉሊ መነጽር ያዙ። ጥርሶቹ እኩል ናቸው? የድንጋዮቹ ራስ አንድ ደረጃ ላይ ነው? ስስ የሐር ጨርቅ አሳልፉበት፤ ክሩ ከተያዘ አንዱ ጥርስ ቀና ብሏል ማለት ነው፣ ነገ ልብስ ይስበዋል፣ ድንጋዩም ይጠፋል። ደግሞ እባካችሁ፣ አልማዝ የሌለውን ሰዓታችሁን ወስዳችሁ ሌላ ቦታ አታስተክሉበት። ቀፎው ሲቦረቦር ይሳሳል፣ ውሃ መከልከሉ ያጠራጥራል፣ ሠሪው ኩባንያ ዋስትናውን ያነሳል፤ ስትሸጡትም የከፈላችሁትን ማግኘት ይከብዳል። ብራችሁ ያሳዝነኛል።

ሥራውን መማር የምትፈልጉ ካላችሁ በመዳብ ዝርግ ጀምሩ። ወራት ይፈጃል፣ መቅረጫ መሳል ብቻ ሳምንታት ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። የመጀመሪያ ሥራችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ከቅርብ አንሱት፣ ጥርሶቹ እንዲታዩኝ።