የግሪክ ጭፈራ ለቱሪስት ብቻ አይደለም

ወንድሜ «የግሪኮች ባህላዊ ጭፈራ ለቱሪስት ሾው ነው ወይስ ሕዝቡ አሁንም ይጨፍረዋል?» ላልከው፣ መንደር ውስጥ በደንብ ይጨፈራል። ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል ሲደርስ ፓኒጊሪ የሚሉት ድግስ አለ፣ አቴንስ የሚሰራውም ውጭ ያለውም ወደ አያቶቹ መንደር ይመለሳል፣ ኢካሪያ ደሴት ላይማ እስኪነጋ ነው። ክቡ ውስጥ ገብተህ እጅህን ትሰጣለህ በቃ፣ ሽማግሌውም ህጻኑም አንድ ላይ ነው። ካላማቲያኖስ የሚባለው 12 እርምጃ ነው፣ መሪውና ሁለተኛው ሰው መሃረብ ይይዛሉ፣ መሪው መሃረቡን ተደግፎ ሲዞር ሲዘል ሁለተኛው እንዳይወድቅ አጥብቆ ይይዝለታል፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው፣ መተማመን በአይን ይታያል። ሜጋራ ከተማ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ሴቶች ክንዳቸውን አጠላልፈው ትራታ ይጨፍራሉ፣ እድሉን ካገኘህ እንዳያመልጥህ።